የዩኒቨርሲቲ ዕዳ በነጋዴው መዝገብ
ስለ ወጪ መጋራት፥ ወላጅና አሠሪ ሊያውቁት የሚገባ ትምህርት

የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከመድረሱ አስቀድሞ፥ ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍበት ታላቅ ሰፈር ጀልዴሳ ነበር። ግመል በቆላው አቋርጦ ያመጣው ጭነት በዚያ ይራገፍና ዳገቱን ለሚወጡ አጋሰሶች ይተላለፍ ነበር። ቀረጥ ተቀባዩም በዚያ ተቀምጦ የገባውንና የወጣውን ይቈጣጠር ነበር። ጭነት ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ በሚተላለፍበት ስፍራ ሁሉ ሦስት ጥያቄዎች ይነሣሉ፤ የተሰጠው ስንት ነው? የተቀበለው ማን ነው? ዋጋው የሚመለሰውስ መቼና በማን እጅ ነው? እነዚህን ሦስቱን በጽሑፍ ያልያዘ ነጋዴ፥ ወዳጁም ታማኝ ቢሆን፥ ገንዘቡን ለክርክር አሳልፎ እንደ ሰጠ ይቈጠራል።

ሐዲዱ ድሬዳዋን ከቈረቈረ በኋላ የጀልዴሳ ገበያ ቀዝቅዞ፥ ስፍራይቱ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ቀበሌዎች ውስጥ ትገኛለች። ይሁን እንጂ ከጀልዴሳም ሆነ ከሌሎቹ የገጠር ቀበሌዎች ዛሬ አዲስ ዓይነት ተጓዥ ይወጣል፤ እርሱም የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፎ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄደው ወጣት ነው። ይህ ወጣት ሦስት፥ አራት ወይም ከዚያ የሚበልጥ ዓመት ይበላል፥ ያድራል፥ ይማራል። ሲመረቅ ደግሞ ከዲግሪው ጋር አንድ የሒሳብ ወረቀት አብሮት ይወጣል። የብዙ ነጋዴ ቤት ልጆች ይህን ወረቀት ፈርመዋል፤ የብዙ ነጋዴ ሠራተኞችም ይህን ዕዳ ተሸክመው ሥራ ይገባሉ። ነገር ግን ስለ ወረቀቱ ፍሬ ነገር አስተካክሎ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። አንዳንዱ ስጦታ ይመስለዋል፤ አንዳንዱ የባንክ ብድር ነው ብሎ ይፈራዋል፤ አንዳንዱም ከነአካቴው ይረሳዋል። ስለዚህ ጉዳዩን እንደ ማንኛውም የንግድ ሒሳብ ከሥሩ ጀምሮ መመርመር የሚጠቅም ነው።

ስጦታ፥ ብድርና ወጪ መጋራት

በዓለም ላይ መንግሥታት የኮሌጅ ተማሪን የሚረዱባቸው መንገዶች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ።

አንደኛው የማይመለስ ስጦታ ነው። በአሜሪካ ከ1965 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የሚሠራበት የፔል ስጦታ የዚህ ዓይነት ነው፤ መንግሥት የቤተ ሰቡን አቅም መዝኖ ለችግረኛው ተማሪ ይሰጣል፥ ተማሪውም እንደ ደንቡ ትምህርቱን ከተከታተለ እንዲመልስ አይጠየቅም።

ሁለተኛው ብድር ነው። ጎረቤታችን ኬንያ በ1987 ዓ.ም. ያቋቋመችው የከፍተኛ ትምህርት ብድር ቦርድ ለተማሪው ገንዘብ ያበድራል፤ ተመራቂውም ዋናውን ከነወለዱ ይከፍላል።

ሦስተኛው ተመራቂው ከሚያገኘው ገቢ ላይ በመቶኛ እየተቈረጠ የሚመለስ የትምህርት ዋጋ ነው። አውስትራሊያ በ1981 ዓ.ም. ይህን መንገድ ጀመረች። በዚያ አገር ተማሪው ሲማር ባይከፍልም፥ ተመርቆ ገቢው ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ድርሻውን ከገቢው ይቈርጣል። ገቢው ከልኩ በታች የሆነ ሰው ግን እስኪያድግ ድረስ አይጠየቅም።

ኢትዮጵያ የምትሠራበት «የወጪ መጋራት» ለዚህ ለሦስተኛው የሚቀርብ ነው። ተማሪው ገንዘብ በእጁ የሚቀበለው ጥቂት ሲሆን፥ በብዛት የሚቀበለው አገልግሎት ነው፤ ይኸውም ምግብ፥ መኝታና ትምህርት። ዋጋው በስሙ ይመዘገባል፥ ከተመረቀም በኋላ ከደመወዙ እየተቈረጠ ይመለሳል። በነጋዴ ቋንቋ ቢነገር፥ ስጦታም አይደለም፥ የባንክ ብድርም አይደለም፤ ዕቃው በቅድሚያ የተሰጠበት ዱቤ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረ

በኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይጀምራል። በምሥራቁም ክፍል የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተቋቁሞ የሐረርጌና የድሬዳዋ ወጣቶች በቅርብ የሚማሩበት ስፍራ ሆነ፤ ዛሬም ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ይጠራል። በእነዚያ ዘመናት የተማሪው ቍጥር ጥቂት ስለ ነበረ፥ መንግሥት ወጪውን በራሱ ይችል ነበር።

ይሁን እንጂ «የተማረ ለወገኑ ይመልስ» የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየሄዱ እንዲያገለግሉ የሚያዝዝ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ። አብዛኞቹም በትምህርት ቤቶች አስተማሩ። ያ አከፋፈል በገንዘብ ሳይሆን በጉልበትና በዕውቀት ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ፥ መንግሥት እስከ አሥረኛ ክፍል ያለውን ትምህርት በራሱ ወጪ እንደሚያስተምር፥ ከዚያ በላይ ላለው ግን ተማሪው ከወጪው እንዲካፈል የሚል አሳብ አስቀመጠ። ከዚያም በ1995 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቍጥር 351 ወጣ። በአዋጁ መሠረት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው ደንብ ቍጥር 91 በ1996 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ሥራ ላይ ዋለ፤ ዘግይቶም ደንብ ቍጥር 154 ተከተለ።

የዚህ ለውጥ ምክንያት ለነጋዴ የተሰወረ አይደለም። የሸማቹ ቍጥር በዐሥር እጥፍ ሲያድግ፥ የመደብሩ ካዝና ግን በዚያው ልክ ካላደገ፥ ባለቤቱ ወይ ዕቃውን ይቀንሳል፥ ወይ ዋጋ ያስከፍላል። ከ1990ዎቹ ወዲህ በየክልሉ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ተከፈቱ፤ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም ከእነዚህ አንዱ ነው። ይህ ሁሉ በግብር ከፋዩ ገንዘብ ብቻ እንዲሸፈን መጠየቅ፥ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ያላስገባው የጀልዴሳ አርብቶ አደር ዩኒቨርሲቲ ለገባው ልጅ እንዲከፍል መጠየቅ ነው። ወጪ መጋራት የተመሠረተው በዚህ የፍትሕ አሳብ ላይ ነው።

ሒሳቡ ከምን ከምን ይሰበሰባል

በደንቡ መሠረት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ ድርሻ ሁለት ክፍል አለው።

ሀ. የምግብና የመኝታ ወጪ በሙሉ። በዩኒቨርሲቲው መመገቢያ አዳራሽ የማይመገብ ተማሪ የምግቡን ገንዘብ በእጁ ይቀበላል፤ ይህም ገንዘብ በስሙ የሚመዘገብ ዕዳ ነው እንጂ የኪስ ገንዘብ አይደለም። ከቤቱ እየተመላለሰ፥ ምግብም መኝታም ሳይወስድ የሚማር ግን የዚህ ክፍል ዕዳ የለበትም።

ለ. ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 ከመቶ። የቀረውን 85 ከመቶ ያህል መንግሥት ይችላል። ስለዚህ ስጦታ የሚባል ነገር ከነአካቴው የለም ማለት አይቻልም፤ የመምህሩ ደመወዝ፥ የቤተ ሙከራው ዕቃና የመጽሐፍ ቤቱ ወጪ ታላቁ ክፍል ከመንግሥት የተሰጠ ነው።

ተማሪው ይህን በየዓመቱ በውል ቅጽ ላይ ይፈርማል። አንድ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ፤ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለ ወጣት ቅጹን የሚፈርመው በምዝገባ ግርግር መካከል ነው። ሰልፉ ረጅም ነው፥ ጸሓፊው ይቸኩላል፥ ልጁም መኝታውን ለማግኘት ይሮጣል። ከዚህ የተነሣ ብዙዎች የፈረሙበትን ገንዘብ ልክ ሳያዩ ይወጣሉ። አባቱ ግን በሱቁ ውስጥ የአንድ ካርቶን ሳሙና ደረሰኝ ሳይቈጥር አይፈርምም።

የምሳሌ ሒሳብ

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ የጀልዴሳ ባለሱቅ ይታሰብ። ስኳር፥ ዘይት፥ ፓስታና ባትሪ ድንጋይ ከድሬዳዋ እያመጣ ይቸረችራል። የበኵር ልጁ ሒሳብ አያያዝ እንድትማር ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተመደበች። ትምህርቱ አራት ዓመት ነው እንበል።

በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን መንግሥት ለአንድ ተማሪ የዕለት ምግብ የሚመድበው ገንዘብ ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ምግብ በሙሉ የተማሪው ድርሻ ስለ ሆነ፥ ይህ ለውጥ በቀጥታ ዕዳውን ያሳድገዋል። ልጂቱ በዓመት 300 ቀን ብትመገብ፥ በቀድሞው ልክ 6,600 ብር ይሆን የነበረው በአዲሱ ልክ 30,000 ብር ይሆናል። ለመኝታና ለትምህርቱ ድርሻ ለምሳሌ ያህል በዓመት 6,000 ብር ይታሰብ፤ ትክክለኛው ቍጥር እንደ ዩኒቨርሲቲውና እንደ ትምህርቱ ዓይነት ስለሚለያይ በቅጹ ላይ ይገኛል። እንግዲህ በዓመት 36,000 ብር፥ በአራት ዓመት 144,000 ብር ይመጣል።

ደንቡ የሚያዝዘው ተመራቂው ከወር ገቢው ቢያንስ 10 ከመቶ እንዲከፍል ነው። ልጂቱ በ12,000 ብር ደመወዝ ብትቀጠር፥ በወር 1,200 ብር ይቈረጣል። 144,000 ለ1,200 ሲካፈል 120 ወር ይወጣል፤ ይኸውም ዐሥር ዓመት ነው። ደመወዟ እያደገ ሲሄድ ዐሥር ከመቶውም ስለሚያድግ ዘመኑ ያጥራል።

ደንብ ቍጥር 91 ያስቀመጠው የመጨረሻ የመክፈያ ዘመን 15 ዓመት ሲሆን፥ ይህም 180 ወር ነው። 144,000 ብር በ180 ወር ሲካፈል በወር 800 ብር ይሆናል። ስለዚህ ደመወዟ ከ8,000 ብር በታች ቢሆንና ባያድግ፥ ዐሥር ከመቶው ብቻ ዕዳውን በዘመኑ ውስጥ አይጨርስም። «ቢያንስ» የሚለው ቃል በደንቡ ውስጥ የገባው በከንቱ አይደለም።

ይህ ሒሳብ አንድ እውነት ይገልጣል። በቀድሞው የምግብ ልክ የተማረ ሰው ዕዳ እንደ ቀላል ነገር ይታይ ነበር፤ ብዙዎችም ረስተውት ኖረዋል። ከአሁን ወዲህ የሚመረቀው ወጣት ዕዳ ግን አንድ አነስተኛ ሱቅ የሚከፈትበት ገንዘብ ያህል ነው። ይህን ያህል ዕዳ ያለ መዝገብ መያዝ አይቻልም።

አሁን መክፈል ወይስ መቈየት?

ባለሱቁ ይህን ሲሰማ የሚያነሣው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «ከዕዳ ነጻ ትውጣ ብዬ በየዓመቱ ልክፈልላት? ወይስ ገንዘቤን በሱቁ ላስቀምጥና ተመርቃ ራሷ ትክፈል?» ደንቡ ሁለቱንም ይፈቅዳል፤ በቅድሚያ ለሚከፍልም መጠነኛ ቅናሽ ያደርጋል።

መልሱን ለማግኘት ሦስት ነገሮች ይመዘናሉ።

የመጀመሪያው ወለድ ነው። በቅጹ ላይ የሚሰፍረው በየዓመቱ የተቈረጠው የወጪ ድርሻ እንጂ እንደ ባንክ ብድር በየወሩ የሚባዛ ወለድ አይደለም። ወለድ የማይበሉና የማያበሉ ብዙ የድሬዳዋና የአካባቢዋ ቤተ ሰቦች በዚህ ረገድ ሊሠጉ አይገባም።

ሁለተኛው የብር ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ዕቃ የሚያስመጣ ሁሉ የዛሬው ብርና የነገው ብር አንድ እንዳልሆኑ በሚገባ ተምሯል። በብር ተቈርጦ የተቀመጠ፥ ወለድ የሌለበት ዕዳ፥ ዋጋ በሚወደድበት ዘመን ለባለዕዳው እየቀለለ ይሄዳል። በሒሳብ ብቻ ከታየ እንግዲህ መቈየት ይሻላል፤ ባለሱቁ 36,000 ብሩን በዘይትና በስኳር ላይ ቢያውለው በዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይመላለስለታል።

ሦስተኛው ግን ከሒሳብ ውጭ ያለው ነው፤ እርሱም የልጂቱ ነጻነት ነው። ዕዳው ተከፍሎ ካልተጠናቀቀ፥ ተመራቂው በጊዜያዊ ማስረጃ ይሠራል እንጂ ዋናውን ዲግሪ ለመውሰድ ከግብር መሥሪያ ቤት የዕዳ ነጻነት ማስረጃ ማቅረብ ይጠየቃል። ወደ ውጭ አገር ሄዳ ለመማር ወይም ለመሥራት የምታስብ ልጅ፥ ማስረጃዋን የምትፈልገው ጊዜ በማይሰጥበት ሰዓት ነው። እንዲህ ያለ አሳብ ያላት እንደ ሆነ በጊዜ መክፈል ይበጃል። በአገሯ ተቀምጣ ለመሥራት የምታስብ ከሆነች ግን በየወሩ መክፈሉ አይጎዳትም።

ሁለቱም መንገዶች የተፈቀዱ ናቸው። ያልተፈቀደውና በኋላ የሚያስለቅሰው ሦስተኛው መንገድ፥ ይኸውም መርሳት ነው።

የአሠሪው ድርሻ

እስካሁን የተነገረው ለወላጅ ነው። ከዚህ በታች ያለው ለአሠሪ ሲሆን፥ ከሁሉ የሚበልጠው ክፍልም ይህ ነው። የወጪ መጋራት ሥርዓት የቆመው በአሠሪው ትከሻ ላይ ነውና። መንግሥት ዱቤውን ሰጥቷል፥ ተማሪው ፈርሟል፤ ገንዘቡ ወደ ካዝናው የሚመለሰው ግን ደመወዝ በሚከፍለው ሰው እጅ በኩል ነው። ጭነት በጀልዴሳ ከግመል ወደ አጋሰስ ሲተላለፍ፥ ጠፍቶ ቢገኝ የሚጠየቀው በመካከል የተቀበለው እንደ ሆነ ሁሉ፥ የዛሬው መካከለኛ አሠሪው ነው።

አሠሪው ተመራቂ ሲቀጥር የወጪ መጋራት ዕዳ እንዳለበት ይጠይቃል፥ የውሉንም ቅጂ በሠራተኛው ማኅደር ያስቀምጣል። ከዚያም በየወሩ ከደመወዙ ዐሥር ከመቶ ቀንሶ ከሥራ ግብሩ ጋር ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያስገባል። በየወሩ በሚቀርበው የደመወዝ ግብር ማስታወቂያ ቅጽ ላይ ለወጪ መጋራት ራሱን የቻለ ዓምድ ተዘጋጅቶለታል። ዓምዱን ባዶ ትቶ ማለፍ የብዙ መደብሮች ልማድ ነው፤ ልማድ መሆኑ ግን ትክክል አያደርገውም።

በዚህ ላይ ሦስት ዓይነት ስሕተት ይታያል።

አንደኛው አለመቀነስ ነው። አሠሪው «ልጁ ደመወዙ ትንሽ ነው፥ ልራራለት» ይላል። ርኅራኄው መልካም ቢሆንም ውጤቱ መልካም አይደለም። ዕዳው አይሰረዝምና፤ ይልቁንም ሲጠራቀም ኖሮ ወጣቱ ማስረጃውን በፈለገ ቀን በአንድ ጊዜ ይወድቅበታል።

ሁለተኛው ቀንሶ አለማስገባት ነው። ይህ ከሁሉ የከፋ ነው። የምሳሌያችን ልጅ ተመርቃ በአንድ የአስመጪ መደብር በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጠረች እንበል። በየወሩ 1,200 ብር ይቀነስባታል፤ የመደብሩ ባለቤት ግን ዕቃ ማስመጫ ሲያጥረው ገንዘቡን ለጊዜው በመደብሩ ሥራ ላይ ያውለዋል። በልቡ ሌብነት የለም፤ «በኋላ አጠቃልዬ አስገባለሁ» ይላል። አምስት ዓመት ያልፋል። ልጂቱ 72,000 ብር እንደ ከፈለች ታውቃለች፤ የደመወዝ ወረቀቷም ይመሰክራል። ወደ ውጭ አገር ለመማር ዕድል አግኝታ ማስረጃዋን ስትጠይቅ ግን በስሟ የገባ አንድ ብር እንኳ አይገኝም።

በዚያን ጊዜ ከጀልዴሳ የሚመጣው አባት ከአስመጪው ፊት ቆሞ ምን ሊለው ይችላል? «ሐጂ፥ እኔ ከእርስዎ ሃያ ዓመት ሙሉ በዱቤ ዕቃ ስወስድ አንድ ቀን አላስቀረሁብዎትም። ልጄን ሳምንዎት ግን የእርሷን ገንዘብ ለእርሷ አላደረሱላትም» ቢለው መልስ የለውም። ተቀንሶ ያልገባ ገንዘብ የመደብሩ ትርፍ አይደለም፥ የመደብሩ ብድርም አይደለም፤ በአደራ የተያዘ የሌላ ሰው ገንዘብ ነው። በንግድ ዓለም የአንድ ነጋዴ ታላቁ ሀብት በመጋዘኑ ያለው ዕቃ ሳይሆን ስሙ ነው፤ ስሙም በእንዲህ ያለ ስፍራ ይጠፋል።

ሦስተኛው ስሕተት ደረሰኝ አለመስጠት ነው። ገንዘቡ በትክክል ገብቶ ሳለ፥ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ማስረጃ ሳይዝ ይወጣል። አዲሱ አሠሪ ከምን መጀመር እንዳለበት አያውቅም፤ ወጣቱም የከፈለውን ማስረዳት ያቅተዋል። ስለዚህ ሠራተኛ ሲሰናበት ከሥራ ልምድ ወረቀቱ ጋር እስከ ዚያን ቀን የገባለትን የወጪ መጋራት ገንዘብ የሚገልጽ ጽሑፍ መስጠት የመልካም መደብር ሥርዓት ነው።

ተቀጥሮ ሳይሆን በራሱ ንግድ የሚተዳደር ተመራቂም ከዕዳው ነጻ አይደለም። አሠሪም ተቀጣሪም ራሱ ስለ ሆነ፥ ግብሩን በሚከፍልበት ጊዜ ይህንንም ራሱ ቀርቦ መክፈል ይገባዋል። በመምህርነት እንዲያገለግሉ የሚመደቡ ተመራቂዎች ግን በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት የሚከፍሉበት መንገድ በደንቡ ተጠብቆላቸዋል።

ወጪ መጋራት የማይመለከታቸው

ስለ ወጪ መጋራት የተነገረው ሁሉ የሚመለከተው በመንግሥት ተመድበው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛው ፕሮግራም የሚማሩትን ነው። በግል ኮሌጅ የሚማር ተማሪ ይህ ዱቤ የለውም፤ ክፍያውን ቤተ ሰቡ ከኪሱ ይችላል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲም ቢሆን በማታና በሳምንት መጨረሻ የሚማር በራሱ ይከፍላል። በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ እንዲሆን አዋጅ የወጣለት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በራሳቸው ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችን መቀበል ጀምሯል።

ይህ ለነጋዴው የሚሰጠው ምክር አለ። ልጁ በመንግሥት ወጪ የመመደብ ዕድል ሊያገኝ ወይም ላያገኝ ይችላል፤ ፈተናው ከባድ ሆኗልና። ልጁ ዘጠነኛ ክፍል በገባበት ዓመት ጀምሮ ለዚህ ጉዳይ የተለየ ሒሳብ ከፍቶ በየወሩ ጥቂት ጥቂት የሚያስቀምጥ አባት፥ ልጁ ቢመደብ ገንዘቡ ለወጪ መጋራቱ ይሆንለታል፤ ባይመደብም ሌላውን በር ይከፍትለታል። የሱቁን ገንዘብና የልጁን የትምህርት ገንዘብ በአንድ ሣጥን የሚያስቀምጥ ግን በጭንቅ ቀን ሁለቱንም ያጣል።

ሊያዙ የሚገባቸው ወረቀቶች

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ በአጭሩ ሲጠቃለል የሚከተለውን ይመስላል።

ወላጅ፥ ልጁ በየዓመቱ የፈረመበትን ቅጽ ቅጂ ይጠይቅ፤ በአንድ ማኅደር ያስቀምጥ፤ በየዓመቱ የተጻፈውን ገንዘብ ይደምር። ልጁ ምግቡን በገንዘብ የሚቀበል ከሆነ ገንዘቡ ዕዳ መሆኑን አስቀድሞ ያስረዳው።

ተመራቂ፥ ጠቅላላ ዕዳውን የሚገልጸውን ወረቀት ከዩኒቨርሲቲው ሳይቀበል አይውጣ፤ የግብር ከፋይነት መለያ ቍጥሩን ያውጣ፤ ሥራ ሲገባ ዕዳውን ሳይደብቅ ለአሠሪው ያስታውቅ፤ በዓመት አንድ ጊዜም በስሙ የገባውን ገንዘብ ግብር መሥሪያ ቤት ሄዶ ያረጋግጥ።

አሠሪ፥ ዐሥር ከመቶውን ይቀንስ፤ የቀነሰውን በወሩ ያስገባ፤ ያስገባበትን ደረሰኝ ለሠራተኛው ያሳይ፤ ሠራተኛው ሲለቅ በጽሑፍ ሒሳቡን ያስረክብ።

አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል። ደግሞም «ብድር በምድር» ብለዋል። የመጀመሪያው ልጅን ወደ ትምህርት የሚያስወጣ ቃል ነው፤ ሁለተኛው ከትምህርት የተመለሰውን የሚጠብቅ ቃል ነው። ከአንድ ተመራቂ ደመወዝ በየወሩ ተቀንሶ በትክክል የሚገባው ገንዘብ፥ ነገ ከጀልዴሳ ለሚነሣው ለሌላው ልጅ ምግብና መኝታ ይሆናል። ገንዘቡ በመካከለኛው እጅ የቀረ እንደ ሆነ ግን፥ የከፈለው ሳይነጻ፥ የሚጠብቀውም ሳያገኝ ይቀራል። እንግዲህ የወጪ መጋራት ዓምድ በደመወዝ መዝገብ ላይ ጠባብ ብትሆንም፥ በእርስዋ ላይ የሚጻፈው ቍጥር የሁለት ትውልድ ሒሳብ መሆኑን መገንዘብ ይገባል።